«ቻን ጠፍቷል»፦ በ22 ሺህ ዶላር የተሠራ የአንድ ሰፈር ፊልም

ጆ የሳን ፍራንሲስኮ ታክሲ ነጂ ነው። ተሳፋሪ ገብቶ በሩን ሲዘጋ በልቡ መቁጠር ይጀምራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ አያልፍም፤ «ቻይናታውን ውስጥ ጥሩ ምግብ የት ይገኛል?» ይሉታል። ፊቱን አይተው ነው። መሪውን የያዘው ሹፌር ሳይሆን የምግብ ቤት ማውጫ ይመስላቸዋል። ጆ አይቆጣም፤ ቁጥሩን ብቻ ይቆጥራል።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ «ቻን ኢዝ ሚሲንግ» ይባላል። ሠሪው ዌይን ዋንግ ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው በ1982 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚያልፈው በትንሹ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ያስወጣው ገንዘብ ወደ 22 ሺህ ዶላር ነው። ቻይናታውን በሚባለው የቻይና ስደተኞች ሰፈር ውስጥ «እኛ ማን ነን?» የሚለውን ጥያቄ ከሰፈሩ ሰዎች አፍ ያስጠየቀ ፊልም ነው። መልስ አልሰጠም። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምፈልገው መልስ አለመስጠቱ ድክመቱ ሳይሆን የሥራው ዋና ውሳኔ መሆኑን ነው። ሌላው ሁሉ፣ የገንዘቡ ማነስም ጭምር፣ ያንን ውሳኔ ሲያገለግል ይታያል።

ታሪኩ አጭር ነው። ጆና የእህቱ ወይም የወንድሙ ልጅ የሆነው ስቲቭ (እንግሊዝኛው አይለይም) በሰው መኪና መንዳት ሰልችቷቸዋል። አራት ሺህ ዶላር አጠራቅመው የታክሲ ፈቃድ በራሳቸው ስም ሊይዙ አሰቡ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ የነዳ አበሻ ይህን ሐሳብ ሳያስረዱት ይገባዋል። ገንዘቡን ጉዳዩን እንዲጨርስላቸው ለቻን ሁንግ ሰጡት፤ ከታይዋን የመጣ፣ ሻል ያለ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ነው። ቻን ጠፋ። ገንዘቡም አብሮ ጠፋ። ሁለቱ ሰዎች ሰፈሩን ቤት ለቤት እየዞሩ ይፈልጉታል።

ርዕሱ የኛ ሰው ሰምና ወርቅ የሚለው ዓይነት ነው። ሰሙ የጠፋው ቻን ሁንግ ነው። ወርቁን ለማግኘት ግን ሌላ ቻን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ቻርሊ ቻን። ኧርል ደር ቢገርስ የተባለ አሜሪካዊ ደራሲ በ1925 የፈጠረው ቻይናዊ መርማሪ ነው። ሆሊውድ ከ40 በላይ ፊልም ሠርቶበታል። በዋና ዋናዎቹ ፊልሞች ቻንን ሆኖ የተጫወተው መጀመሪያ ስዊድን የተወለደው ዋርነር ኦላንድ፣ ቀጥሎ አሜሪካዊው ሲድኒ ቶለር ነበር፤ ሁለቱም ነጮች። ቻርሊ ቻን ትሑት ነው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ምሳሌ ይደረድራል፣ ወንጀለኛውን ግን ሁልጊዜ ይይዛል። ልጁን ሲጠራ «የመጀመሪያ ልጄ» ይለዋል። በ1981፣ የዋንግ ፊልም ከመውጣቱ አንድ ዓመት ብቻ ቀድሞ፣ ሆሊውድ ቻርሊ ቻንን እንደገና አስነሣና ሚናውን ለእንግሊዛዊው ፒተር ዩስቲኖቭ ሰጠ። የእስያ ተወላጆች ተቃውሞ ወጡ። ዋንግ መፈክር አልያዘም፤ ቻንን አጠፋው። ስቲቭም ታክሲው ውስጥ ራሱን የቻርሊ ቻን ልጅ እያደረገ ይቀልዳል። በኛ አማርኛ ብንተረጉመው ስቲቭ አጎቱን «አንተ» ይበለው «እርስዎ» የሚለው ራሱን የቻለ ራስ ምታት ይሆን ነበር። በእንግሊዝኛው እንደ ሰፈር ጓደኛ ነው የሚያናግረው። አንድ ትውልድ ውስጥ ምን እንደተለወጠ በዚያች ብቻ ይታወቃል።

ስለ ሰፈሩ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ያለዚያ ፍለጋው ለምን እንደሚከብድ አይገባም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ በሕግ ከለከለ። ፊልሙ የወጣው ልክ በመቶ ዓመቱ ነው። ክልከላው በ1943 ሲነሣ የተፈቀደው ቁጥር በዓመት 105 ሰው ነበር፤ በሩ በእርግጥ የተከፈተው በ1965ቱ የስደተኞች ሕግ ነው። በመካከሉ፣ በ1906፣ የመሬት መንቀጥቀጥና እሳት ሳን ፍራንሲስኮን አወደመ፤ የከተማው መዝገብ ቤትም ተቃጠለ። መዝገብ ከሌለ «እዚሁ ነው የተወለድኩት» ማለት ይቻላል። እዚህ የተወለደ ዜጋ ነውና ቻይና ያሉ ልጆቹን ማምጣት ይችላል። ስለዚህ ብዙዎች ልጅ ያልሆኑትን ልጅ እያሉ ስም ሸጡ፣ ስም ገዙ። «የወረቀት ልጆች» ይባላሉ። መጪዎቹ ከሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለው በኤንጀል ደሴት ታስረው «የቤታችሁ ደጃፍ ስንት ደረጃ አለው?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ይጠየቁ ስለነበር የሌላ ሰው ቤተሰብ ታሪክ በቃላቸው ያጠኑ ነበር። «ወረቀት አገኘህ?» ብሎ ሰላምታ የሚሰጥ ዲያስፖራ ይህን ቃል ሲሰማ የሚሰማው ነገር አለ። ከዚህ ታሪክ የወጣ ሽማግሌ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የመንግሥት፣ አንዱ የእናቱ። እንዲህ ባለ ሰፈር መንገድ ላይ ቆሞ «እገሌን ታውቁታላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም።

የሕንፃዎቹም ነገር ያው ነው። ከ1906 በኋላ ከተማው ቻይናታውንን ከዚያ ቦታ ሊያነሣ ሲያስብ የሰፈሩ ነጋዴዎች ቀደሙት። ነጭ መሐንዲሶች ቀጥረው እንደ ፓጎዳ፣ እንደ ሩቅ ምሥራቅ ቤተ መቅደስ፣ የተቆለመመ ጣሪያ ያላቸው ሕንፃዎች አሠሩ፤ ጎብኚ የሚወደውን ቻይና። ዛሬ ፎቶ የሚነሣበት «ጥንታዊ» ገጽታ አሜሪካውያን ለአሜሪካውያን የነደፉት ነው። ሰፈሩ ከመፍረስ የዳነው ግን በእሱ ጭምር ነው። በማን ይፈረዳል?

ዋንግ ራሱ ለዚህ ሰፈር የውጭ ሰውም የውስጥ ሰውም ነው። በ1949 ሆንግ ኮንግ ተወለደ። አባቱ የሆሊውድ ፊልም ይወዱ ነበርና ልጃቸውን በከብት እረኞቹ ፊልም ኮከብ በጆን ዌይን ስም ዌይን አሉት። ካሊፎርኒያ መጥቶ ኦክላንድ ውስጥ ሥዕልና ፊልም ተማረ። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ያገኘው ከአሜሪካ ፊልም ተቋምና ከብሔራዊው የኪነ ጥበብ ድጋፍ ተቋም ነው። ስቱዲዮ የለም፣ ኮከብ የለም። ቀረጻው በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ነበር፤ ተዋናዮቹ በሥራ ቀን ሌላ እንጀራ ነበራቸው። ጆን ሆኖ (ታክሲ ነጂውን ጆ) የተጫወተው ውድ ሞይ ከሳን ፍራንሲስኮ የእስያ አሜሪካውያን ቲያትር የመጣ ነው። ስቲቭን የተጫወተው ማርክ ሃያሺ ጃፓናዊ አሜሪካዊ ነው። ለመሆኑ ቻይናዊነት በፊት ይታወቃል የሚል ሰው ካለ ይህን ያስብበት። የስቲቭን እህት ኤሚን የተጫወተችው ሎሪን ቹ እዚያው ቻይናታውን ያደገች፣ በ1968 በተጀመረው የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች አድማ የተሳተፈች ናት። ያ አድማ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የብሔረሰቦች ጥናት ኮሌጅ አስገኘ፤ እሷም በኋላ እዚያው አስተማሪ ሆነች።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ርካሽ ነው፤ ግን የመርማሪ ፊልሞች የድሮ ልብስም ነው። ዋንግ ሁለቱንም ያውቃል። ለመብራት ገንዘብ ስላልነበረ ጠባብ ክፍሎቹ ጨለማ ናቸው። ጨለማው ግን ታሪኩን ረዳው። በካሜራው ፊት ሰዎች እንደ ቃለ መጠይቅ ይናገራሉ፣ አንዱ የሌላውን ንግግር ያቋርጣል፣ አንዳንዴ ስክሪፕቱን እያነበቡ ይሁን ስለ ራሳቸው እያወሩ አይለይም። ብዙ ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ ይህን ሁሉ «ያስተካክለው» ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

እንግዲህ ቻን ሁንግ ማን ነው? ሚስቱ ባለጸጋ መሆን ያቃተው ከንቱ ሰው ነው ትላለች። ልጁ ጄኒ አባቷ ቀጥተኛና የሚታመን ነው ትላለች። ኤሚ ደሙ ቶሎ የሚፈላ የፖለቲካ ሰው አድርጋ ታየዋለች። የምግብ ቤቱ አብሳይ ሄንሪ፣ እሳትና ዘይት መካከል ቆሞ እየዘፈነ፣ ቻን አገሩን የሚወድ ሰው ስለሆነ ሕዝቡን ሊያገለግል ወደ ዋናው ቻይና ተመልሷል ብሎ ያምናል። ሌላው ደግሞ የለም፣ ታይዋን ሄዶ ከወንድሙ ጋር በርስት ክፍፍል እየተጣላ ነው ይላል። የርስት ክርክር ነገር እኛም ዘንድ ስንት ሰው ከአሜሪካ አስመልሷል። በማኒላታውን፣ የፊሊፒኖ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ቤት፣ ስሙን እንኳ አያውቁም። ኪሱ ውስጥ ከማይጠፋው ብስኩት ስም የተነሣ «ሃይ ሆ» ይሉታል፤ የሚያውቁትም የሜክሲኮ ማሪያቺ ሙዚቃ የሚወድ ሰው አድርገው ነው። አንድ የተሰወረ ቻይናዊ ለመፈለግ ፊሊፒኖዎች ቤት ገብቶ ስለ ሜክሲኮ ሙዚቃ መስማት! ፊልሙን ያየሁ ጊዜ የሳቅኩት እዚህ ላይ ነው። ሰፈሩም በእርግጥ እንዲህ ነው፤ ቻይናታውንና ማኒላታውን ግድግዳ ይጋሩ ነበር።

ከሁሉ አብልጦ የያዘኝ ግን የትራፊኩ ጉዳይ ነው። ቻን ከመጥፋቱ በፊት የማቆሚያ ምልክት ጥሷል ተብሎ ተከሷል። አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ ለጆና ለስቲቭ በባህል መካከል ስለሚፈጠር አለመግባባት በረጅሙ ታስረዳቸዋለች። ፖሊሱ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ቆመሃል ወይስ አልቆምክም? የሚጠብቀውም «አዎ» ወይም «አይ» ነው። ቻን ግን ከሥሩ ጀመረ፤ ስንት ዓመት እንደነዳ፣ እንዴት ያለ ሹፌር እንደሆነ። ፖሊሱ ሲሸሽ ያየ መሰለው። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ተብሎ ያደገ ሰው ከቻን ጋር ነው የሚወግነው፤ ጉዳዩን ከመሐል ጀምሮ መናገር ነው እንጂ የሚያሳፍር። ሰዋስዉም ራሱ ወጥመድ አለው። በቻይንኛ «አልቆምክም?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ማለት «ልክ ነህ፣ አልቆምኩም» ማለት ነው። በአማርኛም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ግን ለዚያው እውነት «ኖ» ማለት ይገባል። ፍርድ ቤት ወይም የስደተኞች ቢሮ በአስተርጓሚ ቀርቦ የሚያውቅ አበሻ ይህች ትንሽ ቃል የሰው ኬዝ ልታበላሽ እንደምትችል ያውቃል። ትዕይንቱ እንደ ቀልድ ነው የሚሄደው። ባለሙያዋ ቃላት ትደረድራለች፣ ሁለቱ ታክሲ ነጂዎች ዓይናቸውን ያፈጣሉ። የገዛ ወገናቸው ልጅ ስለነሱ በሚናገር የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ውስጥ እነሱ ራሳቸው ጠፉ።

ስደተኞችን እንግሊዝኛ የሚያስተምረው ጆርጅ ደግሞ የፖም ፓይ ምሳሌ አለው። ፓይ ከአሜሪካም አሜሪካዊ የሆነ ነገር ነው፤ በቻይናታውን ዳቦ ቤት የሚጋገረው ግን መልኩ ያው ሆኖ ጣዕሙ ሌላ ነው፣ የቻይና የአጋገር ዘዴ ገብቶበታልና። እኛም እንደ ፓይዋ እንሁን ነው ነገሩ። ቆንጆ ምሳሌ ነው፤ ለኔ ግን ትንሽ በዛብኝ። ዋንግም ሳይበዛበት አልቀረም፤ ምክሩን የሚሰጠው ሰው ቻን ሁንግን «ከመጠን በላይ ቻይናዊ፣ መለወጥ የማይፈልግ» ብሎ የሚያሰናብተው ያው ጆርጅ ነው።

ሌላው ክር የባንዲራው ጠብ ነው። አሜሪካ በጥር 1979 ከቤጂንግ መንግሥት ጋር ሙሉ ግንኙነት ጀመረች፤ ከታይፔይ፣ ማለትም ከታይዋን መንግሥት፣ ጋር የነበረውን ቆረጠች። በፊልሙ ውስጥ በአዲስ ዓመት ሰልፍ የሁለቱ ወገን ደጋፊዎች በባንዲራ ይጣላሉ፣ ከጠቡም የሽማግሌ ሞት ይከተላል። በቻን መኪና ወንበር ሥር ሽጉጥ ይገኛል። ገዳዩ እሱ ይሆን? ፊልሙ ይህን ክር አንሥቶ አይቋጭም። የፈረንጅ ተመልካች እዚህ ላይ ግራ ሊጋባ ይችላል። በባንዲራ ላይ ያለ ምልክት ወዳጅ ሲያለያይ ላየ የኛ አንባቢ ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጆና ስቲቭ ባሕሩ አጠገብ የሚጨቃጨቁበት ትዕይንት የፊልሙ እምብርት ይመስለኛል። ጆ ቻን ማንነቱን ሲፈልግ የተንገላታ ሰው አድርጎ ሊያስረዳ ይሞክራል። ስቲቭ ይቆጣል፤ የማንነት ነገር የዛሬ አሥር ዓመት ያለፈበት ወሬ ነው፣ ሰውዬው ገንዘባችንን በልቷል፣ ለፖሊስ እንንገር ነው የሚለው። ጆ ፖሊስ አይፈልግም። የሚገርመው ሁለቱም ልክ መሆናቸው ነው። እዚያው ተወልዶ ላደገው ስቲቭ ጥያቄው ሰልችቶታል፤ «ገና ከመርከብ የወረደ» በሚለው ሰው ላይ ይስቃል። ጆ ደግሞ ቻንን በፈለገ ቁጥር ራሱን ማየት ጀምሯል። ዋንግ ለማንኛቸውም አልፈረደም።

በመጨረሻ ጄኒ አራቱን ሺህ ዶላር ትመልሳለች። አባቷ ግን የለም። ጆ የሰማውን ሁሉ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ከላይ የዘረዘርኩት ቅራኔ ሁሉ በሱ ድምፅ ይደገማል። ከዚያ የቻንን ፎቶ ያሳየናል። ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው፤ አይታይም። ፊልሙ በቻይናታውን መስኮቶች፣ ደረጃዎችና አላፊ አግዳሚዎች ላይ ያልቃል። ከላዩ የሚሰማው በ1958 ለብሮድዌይ፣ ለኒውዮርክ የሙዚቃ ቲያትር፣ የተጻፈ፣ የቻይናታውንን ግራንት ጎዳና ለጎብኚ የሚያሞግስ ደስተኛ ዘፈን ነው።

ጉድለት አልጠፋበትም። ሴቶቹ የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ ሎሪን ቹና የጄኒን ሚና የያዘችው ወጣት ከወንዶቹ ሁሉ ሕያው ሆነው ሳለ ካሜራው ቶሎ ይተዋቸዋል። የጆ ትረካም አንዳንዴ ያየነውን ደግሞ ይነግረናል።

የስርጭቱ ታሪክ ለገለልተኛ ሠሪዎች ትምህርት አለው። ፊልሙ በ1982 ኒውዮርክ ውስጥ አዳዲስ ሠሪዎች በሚቀርቡበት ፌስቲቫል ታየ፤ የኒውዮርክ ታይምሱ ሐያሲ ቪንሰንት ካንቢ አደነቀው፤ ኒውዮርከር ፊልምስ የተባለው አከፋፋይ ወሰደው። ሰፈርተኛ ፊልም ከሰፈሩ ውጭ ቲኬት ሸጠ። ይህ ለሁሉም የሚደርስ ዕድል አይደለም። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ ከአሥር ዓመት በኋላ «ሳንኮፋ»ን ይዞ ሲዞር አከፋፋይ አጥቶ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ ማሳየት ነበረበት። ልዩነቱን በጥራት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። የቻን ፈላጊዎች የፈረንጅ ሐያሲን ያስቁታል፤ ገሪማ ስለ ባርነት እያወራ አያስቀውም። ዋንግ በቀልድ በኩል መግባቱ ብልህነት ነው፤ ግን የተከፈተለት በር የትኛው እንደሆነም መታየት አለበት።

በ1995 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለአገር ከሚጠበቁ ፊልሞች መዝገብ ውስጥ አስገባው። አብሳዩን ሄንሪን የተጫወተው ፒተር ዋንግ በ1986 የራሱን ፊልም ይዞ ወደ ቻይና ተሻገረ። ዌይን ዋንግ በ1993 በትልቅ ስቱዲዮ ገንዘብ ስለ ቻይናውያን እናቶችና ሴት ልጆች ፊልም ሠራ። ከዚያ በኋላ ሆሊውድ ተዋናዮቹ በሙሉ ለማለት ይቻላል የእስያ ዝርያ የሆኑበት፣ በዘመኑ የሚካሄድ ሌላ ትልቅ ፊልም እስኪያወጣ 25 ዓመት ፈጀ።

እኔን ግን ይበልጥ የሚስበኝ ወዲያው የቀጠለው ነው። በ1985 ዋንግ እዚያው ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ፣ እንደገና በጥቂት ገንዘብ፣ ሌላ ፊልም ሠራ። ስለ አንዲት እናትና ሳታገባ ከእናቷ ጋር ስለምትኖር ልጅ ነው። ልጅቷን እንድትጫወት ሎሪን ቹን መረጠ። እናትየዋን እንዲጫወቱ የጠራው ደግሞ የሎሪንን የገዛ እናት ነው። በመጀመሪያው ፊልም ጥቂት ተናግራ ያለፈችው ሴት በሁለተኛው ውስጥ ከእናቷ ጋር ኩሽና ውስጥ ተቀምጣ ትበላለች። ልጅ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፤ እናት በካንቶንኛ ትመልሳለች።